ስርቆቱን ይዘን ክፍያውን ጣልነው

ባለፈው ቅዳሜ ማታ መብራት ነበር፣ ኔትወርክ ነበር፣ እኔም ጊዜ ነበረኝ። ሦስቱ አንድ ላይ ሲገጥሙ ብርቅ ነውና ፊልም ልይ አልኩ። የእህቴ ልጅ አጠገቤ ተቀምጦ ስልኩን ይጎረጉራል። «እስቲ አንድ ጥሩ የአማርኛ ፊልም ፈልግልኝ» አልኩት። ሁለት ደቂቃ አልፈጀበትም።

«ጋሼ፣ ልኬልሃለሁ።»

ከፈትኩት። ፖስተሩን በዚያው ሳምንት ሲኒማ ቤት በር ላይ ተሰቅሎ ያየሁት ፊልም ነው።

«ይሄ እኮ ገና ሲኒማ እየታየ ነው» አልኩት።

«አዎ፣ አዲስ ነው!» አለኝ፤ ጎበዝ እንደተባለ ልጅ ደስ ብሎት።

«ስንት ብር ነው?»

ግራ ገብቶት አየኝ። «ምኑ?» አለኝ።

ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ያ «ምኑ?» ነው። ልጁ አላሾፈም፤ ከምሩ ነው ያልገባው። ለፊልም ይከፈላል የሚለው ሐሳብ ጭራሽ ጭንቅላቱ ውስጥ የለም። ክፉ ልጅ አይደለም። ከሱቅ ከረሜላ ሳይከፍል አንስቶ የሚወጣ ልጅ አይደለም። ታክሲ ላይ ረዳቱ ሂሳብ ቢረሳው ጠርቶ የሚከፍል ልጅ ነው። ፊልም ግን ለእሱ እንደ ዝናብ ከላይ የሚወርድ ነገር ነው።

መጀመሪያ ልናዘዝ። ፊልሙን አየሁት። እስከ መጨረሻው አየሁት። ስለዚህ «አንተስ?» ለማለት አትቸኩሉ፤ እኔም እዚያው ውስጥ ነኝ። የፊልም ባለሙያ አይደለሁም፣ ሃያሲም አይደለሁም፣ የምሸጠው ፊልምም የለኝም። ሲመቸኝ ብቻ የማይ ተራ ተመልካች ነኝ። ግን «የአገራችንን ፊልም ማን ገደለው?» የሚል ክርክር በተነሳ ቁጥር ፕሮዲዩሰሩ ይከሰሳል፣ ደራሲው ይከሰሳል፣ መንግሥት ይከሰሳል፣ የቱርክ ድራማ ይከሰሳል፣ ቲክቶክ ይከሰሳል። ተመልካቹ ሲከሰስ ሰምቼ አላውቅም። ዛሬ ተመልካቹን ልከስ ነው፤ ራሴን ጨምሬ።

ወደ ካሴት ኪራይ ቤቱ ልመልሳችሁ

ዕድሜያችሁ ከሠላሳ አምስት ያለፈ ታስታውሱታላችሁ። በየሰፈሩ አንድ ወይም ሁለት ካሴት አከራይ ነበር። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች በካሴት ልባስ የተሞላ፤ በአንድ በኩል ህንድ ፊልም፣ በአንድ በኩል አክሽን፣ ጥግ ላይ ጥቂት የአማርኛ ድራማና ኮሜዲ። መታወቂያ ታስይዛለህ ወይም ባለቤቱ አባትህን ያውቃል። ስምህ በደብተር ይጻፋል። በእኛ ሰፈር ለአንድ አዳር ሁለት ብር ነበር፤ አዲስ የገባ ከሆነ ሦስት። ካሴቱን አጠንጥነህ ካልመለስክ ቁጣ አለ፤ ካሳደርክ ቅጣት አለ።

ዴክ ያለው ቤት ጥቂት ስለነበር የአንድ ቤት ኪራይ ለአሥር ቤት ይበቃ ነበር። ልጆች መሬት ላይ፣ ትልልቆቹ ሶፋ ላይ፣ በር ላይ ደግሞ ያልተጋበዙት። «አክተሩ ይሞታል አይሞትም» የሚለው ክርክር ፊልሙ ሳይጀመር ይጀመራል። ያየ ልጅ ካለ ከክፍሉ ይባረራል፤ አስቀድሞ ይናገራላ!

ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ሞቅታውን አይደለም። ሒደቱን ነው። አንድ ፊልም ቤትህ እንዲገባ ከቤት ትወጣለህ፣ ከብዙ አንዱን ትመርጣለህ፣ ከኪስህ ትከፍላለህ፣ ትፈርማለህ፣ አይተህ ትመልሳለህ። ባለ ካሴቱ «ይሄን አትውሰድ፣ አይረባም» ይልሃል፤ ምክንያቱም ከተናደድክ ነገ ወደ ማዶ አከራይ ትሄዳለህ። ደንበኛ ነህ። ያቺ ሁለት ብር ትንሽ ብትሆንም የምትፈራ ገንዘብ ነበረች።

አሁን ናፍቆቱን ልቁረጠው

የድሮ ቪዲዮ ቤትን እያስታወሱ እንባ የሚያፈስሱ ጽሑፎች ስለበዙ እውነቱን መናገር ግድ ነው። ያ ሱቅ የቆመው በስርቆት ላይ ነበር።

አንድ ካሴት ከውጭ ይገባል፤ ሁለት ዴክ ጎን ለጎን ይቀጠላል፤ በማግስቱ አሥር ካሴት አለ። ለውጭው ፊልም የሕግ ከለላም ደካማ ነበር። ኢትዮጵያ የሥነ ጽሑፍና የኪነ ጥበብ ሥራዎችን በአገሮች መካከል የሚያስጠብቀው የበርን ስምምነት አባል ሳትሆን ለረጅም ዘመን ቆይታለች። ስለዚህ ሆሊውድም ቦምቤይም እዚህ መጥቶ የሚጠይቀው ብዙ አልነበረም።

የአገር ቤቱ ፊልም ግን ሌላ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ። ሥራን ማባዛት፣ መሸጥና ማከራየት የባለቤቱ መብት እንደሆነ ሕጉ ይደነግጋል። ማከራየት በስሙ ተጠቅሷል! በ2007 ዓ.ም. አዋጁ ተሻሽሏል። ታዲያ በዚያ ሁሉ ዘመን ከኪራዩ ሁለት ብር ውስጥ ስንት ሳንቲም ለፊልሙ ሠሪ ደረሰ? እኔ እስከማስታውሰው በእኛ ሰፈር የጠየቀም የመለሰም አልነበረም።

ስለዚህ ያ ዘመን ሁለት ነገር በአንድ ላይ ይዞ ነበር፤ አንዱ መጥፎ፣ አንዱ ጥሩ። መጥፎው ገንዘቡ ለባለቤቱ አለመድረሱ ነው። ጥሩው ተመልካቹ መክፈል መልመዱ ነው። አስተዋይ ሕዝብ ቢሆን ኖሮ ክፍያውን ይዞ ስርቆቱን ይጥል ነበር። እኛ የተገላቢጦሽ አደረግን። ስርቆቱን ይዘን ክፍያውን ጣልነው።

ሌሎች ምን አደረጉ?

አሜሪካን እንይ። እዚያም መጀመሪያ ላይ የካሴት አከራዩና የፊልም ኩባንያው ጠበኛ ነበሩ። ካሴቱን በሕጋዊ መንገድ የገዛ ሱቅ ደጋግሞ ቢያከራየውም ከኪራዩ ለኩባንያው የሚከፍለው አልነበረም፤ ስለዚህ ኩባንያዎቹ አንዱን ካሴት ለአከራዮች በውድ ይሸጡላቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1998 ትልቁ አከራይ ብሎክበስተር ከትልልቆቹ ኩባንያዎች ጋር ተስማማ፤ ካሴቱን በርካሽ ይወስዳል፣ ከእያንዳንዱ ኪራይ ገቢ ደግሞ ያካፍላቸዋል። አንተ ቴክሳስ ውስጥ ቅዳሜ ማታ የከፈልካት ዶላር ከፊሏ ፊልሙን ወደሠራው ትመለሳለች ማለት ነው።

ያው ብሎክበስተር እ.ኤ.አ. በ2004 ወደ 9 ሺህ የሚጠጋ ሱቅ ነበረው፤ በ2010 ከሰረ። ዛሬ ኦሪገን ውስጥ ቤንድ በምትባል ከተማ አንድ ሱቅ ብቻ ቀርቷል፤ ሰው እንደ ሙዚየም ይጎበኘዋል። የጣለው ኔትፍሊክስ ራሱ ሥራ የጀመረው ዲቪዲ በፖስታ በማከራየት ነው። ሱቁ ሞተ፤ ካሴቱ ሞተ፤ ዲቪዲውም ሞተ። የመክፈል ልማዱ ግን አልሞተም፤ ከሱቁ ወደ ስልኩ ተዛወረ።

«አሜሪካ ሀብታም ነው» ትሉኛላችሁ። እሺ፣ ናይጄሪያ እንሂድ። ኖሊውድ የሚባለው ዓለም ያወቀው የፊልም ገበያ የተነሳው ከሲኒማ አዳራሽ አይደለም፤ ከቪዲዮ ካሴት ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 ኬኔት ኔቡዌ የሚባል የካሴትና የኤሌክትሮኒክስ ነጋዴ «ሊቪንግ ኢን ቦንዴጅ» የተባለ ፊልም በኢግቦ ቋንቋ አሠርቶ በቀጥታ በካሴት ለገበያ አወጣ። ሕዝቡ ገዛ። ከዚያ ሌላው ሠራ፣ ሌላው ገዛ። ቅጂ ሌባ እዚያም አለ፤ ከእኛም የባሰ አለ። ግን ገበያው ቤት ውስጥ በሚያየው ሰው ገንዘብ ላይ ተገነባ። ሌጎስ ውስጥ ካሴት የገዛችው እናት ናት ኖሊውድን የሠራችው።

እኛስ? እኛ ሌላ መንገድ ሄድን። በ1990ዎቹ አጋማሽ የአማርኛ የቪዲዮ ፊልሞች ሲበዙ መጀመሪያ የሄዱት ወደ ሲኒማ ቤት ነው። ሕዝቡ አምፒርና አምባሳደር በር ላይ ሲሰለፍ አይተናል። ያ ጥሩ ነበር። ፕሮዲዩሰሩ ግን ፊልሙን በቪሲዲ ለማውጣት ይፈራ ነበር፤ አንዴ ከወጣ በማግስቱ ይባዛላ! ስለዚህ ፊልሙ ሲኒማ ቤት ባለባቸው ጥቂት ከተሞች ታይቶ ይቆማል። አንዳንዱ ጭራሽ በቪሲዲ አልወጣም። ወልድያ፣ ጂንካ፣ መተማ ያለው ሰው ካየ የሚያየው የተሰረቀውን ነው። ቤቱ ሆኖ የሚያየው ሰው እንደ ገዢ ሳይሆን እንደ ሌባ ተቆጠረ፤ ከዚያ እውነትም ሌባ ሆነ።

ደረጃ በደረጃ እንዴት ወረድን?

አንደኛ፣ ፍላሽ መጣ። ኮምፒውተር ቤት ትገባለህ፣ ፍላሽህን ትሰጣለህ፣ «ይሙላልኝ» ትላለህ። ክፍያው በጊጋ ነው። ወገኖቼ፣ ፊልም እንደ ሽንኩርት በኪሎ ስንገዛ ያኔ መደንገጥ ነበረብን። ምን እንደተጫነልን እንኳ አናውቅም ነበር። ልጁ የሞላልንን ወስደን ግማሹን ሳናየው አጠፋን። መምረጥ የቀረው ያኔ ነው።

ሁለተኛ፣ ዲሽ። ለዲሹና ለሠራተኛው አንዴ ትከፍላለህ፣ ከዚያ ዕድሜ ልክህን ከሰማይ ይወርዳል። አንድ ሙሉ ትውልድ የሆሊውድ ፊልም ከሥሩ ዐረብኛ እየተጻፈበት በኤምቢሲ 2 አየ። ዐረብኛ አንችልም፤ የተጻፈውም ለእኛ አልነበረም። ማን እየከፈለ እንደሚያሳየን ጠይቀን እናውቃለን? ለገልፍ አገር ተመልካች የተዘጋጀ ማዕድ ነበር፤ እኛ በአጥር ቀዳዳ እናያለን።

ሦስተኛ፣ በ2008 ዓ.ም. ቃና መጣ። የውጭ ድራማ በአማርኛ ድምፅ። ያን ጊዜ ብዙ የኪነ ጥበብ ሰዎች ተቃወሙ፤ «ባህላችን ሊጠፋ ነው» ተባለ። እኔ ቃናን አልወቅስም። የሰው እናት ከሥራ ገብታ እግሯን ዘርግታ የሚገባትን ቋንቋ ብትሰማ ምን ኃጢአት አለው? ጥያቄዬ ሌላ ነው። ተመልካቹ በማይከፍልበት ጣቢያ ደንበኛው ማን ነው? ማስታወቂያ አስነጋሪው ነው። ዕቃው ማን ነው? እኔና አንተ ነን። ይህ ለቃና ብቻ ሳይሆን ለሁሉም ጣቢያ እውነት ነው። በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል ማስታወቂያ ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ሲታገድ ጣቢያዎቹ ምን ያህል እንደተንገዳገዱ አይተናል። እገዳው ለጤና ጥሩ ሊሆን ይችላል። ግን ምን አሳየን? ማታ ማታ ስናየው የነበረው ድራማ ብዙው ወጪ በቢራ ሲሸፈን ኖሯል። ቢራው ሲሄድ ድራማውም አብሮ ይንቀጠቀጣል፤ እኛ ተመልካቾቹ አንዲት ብር አልያዝንለትም ነበርና።

አራተኛ፣ ዩቲዩብ። «ይኸው ነፃ ነው፣ ሠሪውም ይከፈለዋል» ተባለ። አዎ፣ ይከፈለዋል። ግን ስንት? ማስታወቂያ አስነጋሪ ሲልቨር ስፕሪንግ ላለው ተመልካች የሚከፍለው ደብረ ማርቆስ ላለው ከሚከፍለው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ ሠሪው ሒሳቡን ያውቃል፤ ለማን እንደሚሠራም ያውቃል። ለምን ድራማው ሁሉ «ከአሜሪካ የመጣው ሙሽራ» ሆነ ብላችሁ የምትጠይቁ ከሆነ መልሱ ይኸው። አገር ቤት ያለው ተመልካች በቁጥር ብዙ፣ በሒሳብ ኢምንት ነው። በገዛ ቋንቋችን በተሠራ ፊልም ውስጥ የማንቆጠር ሆንን።

አምስተኛ፣ ይህ አሁን ጽሑፌን የምታነቡበት ቴሌግራም። እንዳላሞግሰው ይከብደኛል፣ እንዳልወቅሰውም አልችልም። ከዚህ ቻናል ወጥታችሁ ሁለት ጊዜ ብትነኩ ያልወጣ ፊልም አታጡም። «ትርጉም ፊልም»፣ «አዳዲስ የአማርኛ ፊልሞች»፣ «ሙሉ ክፍል»። ባለቻናሉ የሌላ ሰው ፊልም ለጥፎ ሰው ይሰበስባል፣ ከዚያ ለሱቅ ማስታወቂያ ቦታ ይሸጣል። ያ የድሮው ባለ ካሴት ቢያንስ ከፀሐይ ጋር እየተጋፋ ሱቅ ከፍቶ፣ የቤት ኪራይ ከፍሎ፣ ፊቱን አሳይቶ ነበር።

አሁን ወደ መከራከሪያዎቹ

«ሕዝቡ ደሃ ነው፤ ምን ይክፈል?»

ይህን የሚለኝ ሰው ብዙ ጊዜ በሁለት እጁ ስልክ ይዞ ነው። እንቁጠር። ስልኩ ተከፍሎበታል። ጥቅሉ ተከፍሎበታል፤ አንድ ፊልም አንድ ጊጋ ሲበላ ያ ገንዘብ ነው። መብራቱ ተከፍሎበታል። ከፊልሙ ጋር የምትጠጣው ቡና፣ የምትቆረጥመው ቆሎ ተከፍሎበታል። ፊልሙ እኮ ነፃ አልነበረም! ከላይ እስከ ታች ሁሉም ድርሻውን ወስዷል። ያልተከፈለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ፊልሙን የሠራው። ድህነታችን የሚታወሰን እሱ ጋር ስንደርስ ነው።

ደግሞ ያኔ ሀብታም ነበርን እንዴ? ሁለት ብር ዳቦ በምትገዛበት ዘመን ነው ሁለት ብር አዋጥተን ካሴት የተከራየነው። ለአሥር ሰው አንድ ካሴት። ያልቻለ ተጋብዞ ያያል። ድሃነት ያልነበረ ነገር አሁን አልመጣም፤ የመጣው ይሉኝታ ማጣት ነው።

«ፊልሙ አይረባም፤ ለምን እከፍላለሁ?»

ይህ ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ ግን ካልከፈልክ የመጠየቅ መብቱ የለህም። ምግብ ቤት ገብቶ የከፈለ ሰው «ጨው በዛበት» ብሎ ሳህኑን ይመልሳል። በጓሮ ገብቶ የበላ ሰው ግን ጨው በዛ ብሎ አስተናጋጅ አይጠራም።

ከዚህም በላይ የማይረባው ለምን እንደበዛ እዩ። አንድ ፕሮዲዩሰር ገንዘቡን ማስመለስ የሚችለው ፊልሙ ሲኒማ ላይ በሚቆይባቸው ጥቂት ሳምንታት ብቻ ከሆነ ምን ይሠራል? ቶሎ የሚያልቅ፣ በአንድ ቪላና በአንድ ካፌ የሚቀረጽ፣ ፍቅረኛሞችን ያጋጨና ያስታረቀ ኮሜዲ ይሠራል። ዓመት የሚፈጅ ታሪካዊ ፊልም፣ ገጠር ወርዶ የሚቀረጽ፣ ልብስና ፈረስ የሚፈልግ ሥራ ማን ይደፍራል? ለደፋሮቹ ያደረግነውንም እናውቃለን። የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» እ.ኤ.አ. በ2008 ቬኒስ ተሸለመ፣ በማግስቱ ዓመት ዋጋዱጉ ላይ ታላቁን ሽልማት ወሰደ። «ድፍረት» በ2014 ሰንዳንስ ላይ ተመልካች መርጦት ተሸለመ። «ላምብ» በ2015 ካን ደረሰ። እኛ ምን አልን? «ሊንኩን ላኩልኝ» አልን።

«የሚከፈልበት መንገድ የለም።»

ከሁሉም እውነት የነበረው ይህ ነው። ኔትፍሊክስ እ.ኤ.አ. በጥር 2016 ወደ 130 አዳዲስ አገሮች ሲገባ ኢትዮጵያንም ጨምሮ ነበር። ግን የሚከፈለው በዶላር፣ በውጭ አገር በሚሠራ ካርድ ነው። ደመወዙን በብር የሚቀበል ሰው በሩ ተከፍቶለት ደረጃው ተነስቶበታል። ውስጡ ደግሞ የአማርኛ ፊልም ፈልጎ ማግኘት ጭንቅ ነው።

ግን ይህ ምክንያት ያገለገለው እስከ 2013 ዓ.ም. ነው። ያን ዓመት ግንቦት ላይ ቴሌብር መጣ። ዛሬ ከ50 ሚሊዮን በላይ ደንበኛ እንዳለው ኢትዮ ቴሌኮም ራሱ ይናገራል። ባንኮቹም የየራሳቸው መተግበሪያ አላቸው። ለሠርግ እንልክበታለን፣ ለለቅሶ እንልክበታለን፣ ለታክሲ እንከፍልበታለን፣ ቆሎ እንገዛበታለን። ከስልክ ወደ ስልክ ሃያ ብር ማስተላለፍ ካሴት ቤት ድረስ ከመሄድ ይቀልላል። ያ የድሮው አከራይ ይህን ቢያገኝ ኖሮ ደብተሩን ይቀድ ነበር!

ለሠሪዎቹም አንድ ቃል

ተመልካቹን ብቻ ወቅሼ ብሄድ ግብዝ እሆናለሁ። ፕሮዲዩሰሮች፣ ስሙኝ። ፊልማችሁን የምንከፍልበት ቦታ አስቀምጡልን። «ይህን ሳምንት እዚህ ሲኒማ» ብላችሁ ከዚያ አትሰወሩ። ሲኒማ ቤት የሌለበት ከተማ ያለው ሰው ገንዘቡን ይዞ በር ሲያንኳኳ የሚከፍትለት ካጣ በመስኮት ይገባል። እንደ ድሮው ካሴት አድርጉት፤ ለአንድ አዳር፣ በትንሽ ብር፣ ለሁሉም። ውድ አታድርጉት። ወርሃዊ ክፍያ እያላችሁ አታስጨንቁን፤ በዓመት አራት ፊልም ለማይ ሰው ወርሃዊ ክፍያ ዕዳ ነው። የኪራይ ጥበቡ እኮ ይኸው ነበር፤ የፈለግከውን፣ በፈለግክ ቀን፣ አንዴ ከፍለህ። ዋጋው ከጥቅሉ ዋጋ ካነሰ ሰው መስረቁን ይንቀዋል።

እንዲህ ያለ ነገር የሞከሩ የአገር ልጆች አሉ። ስንቶቻችን ከፈልናቸው? ይህን ለየራሳችን እንመልስ።

ነገሩ የሁለት ብር ጉዳይ አይደለም

ምን እያጣን እንደሆነ ልንገራችሁና ልጨርስ።

ቪዲዮ ካሴት ማግኔት ነው፤ በሙቀትና በአቧራ ውስጥ ሲቆይ ምስሉ ይደበዝዛል፣ ክሩ ይሻግታል። ማጫወቻው ደግሞ የለም። ዴክ በመሥራት የመጨረሻ የነበረው የጃፓኑ ፉናይ ኩባንያ ማምረት ያቆመው በ2008 ዓ.ም. ነው። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ በካሴት የወጡ የአማርኛ ድራማዎች፣ ኮሜዲዎች፣ ዛሬ በሕይወት የሌሉ ተዋንያን ፊት ያለባቸው ሥራዎች የሆነ ቁም ሣጥን ላይ እየበሰበሱ ነው። ከዚያ ቀጥለው የመጡት ቪሲዲዎች ተጫጭረዋል። ማን ያድናቸው? አንድ አሮጌ ፊልም በወር ሁለት መቶ ሰው ቢከራየው ባለቤቱ ከቁም ሣጥን ያወጣዋል፣ ያጸዳዋል፣ ወደ ዲጂታል ይቀይረዋል። አንዲት ሳንቲም የማያስገባ ፊልም ግን ለባለቤቱ ቦታ የያዘ ላስቲክ ነው። ኪራይ ለአሮጌ ፊልም ጡረታው ነበር። እኛ ነን የከለከልነው።

ሰዎቹስ? አንድ የማውቀው የድምፅ ባለሙያ አለ። ከአሥር በላይ ፊልም ላይ ሠርቷል። ዛሬ መኪና በመተግበሪያ ጥሪ ይሠራል። አንድ ቀን ተሳፋሪ ከኋላ ተቀምጦ በስልኩ ፊልም ከፈተ፤ ድምፁን የቀረጸው እሱ ራሱ ነው። «ማስተካከያ ስመለከት ነበር፣ ልጁ ፍርፍር እያለ ይስቃል» አለኝ። ተሳፋሪው ሲወርድ ለመንገዱ ከፈለ። ለፊልሙ አልከፈለም። «ለመንገዱ እኔን አመሰገነኝ» አለኝ ወዳጄ። እየሳቀ ነው የነገረኝ፤ እኔ ግን መሳቅ አቃተኝ።

በድሮ ጊዜ አዲስ አበባ ላይ የመጀመሪያው ሲኒማ ሲከፈት ሕዝቡ «የሰይጣን ቤት» ብሎ ሰየመው። ጥላ ግድግዳ ላይ ሲራመድ አይቶ ፈርቶ ነው። እንስቅባቸዋለን። እነሱ ግን ቢያንስ ከጥላው ጀርባ አንድ ሠሪ እንዳለ ጠርጥረዋል፤ ሰይጣንም ቢሆን! እኛ ከምስሉ ጀርባ ሰው መኖሩን ረስተናል።

ስለዚህ እኔ የወሰንኩትን ልንገራችሁ፤ እናንተም የመሰላችሁን አድርጉ። የተሰረቀ የአማርኛ ፊልም ከእንግዲህ ለማንም አላስተላልፍም። ቢላክልኝ አልከፍተውም። የሚከፈልበት መንገድ ያለውን ከፍዬ አያለሁ፤ ከሌለው ሲኒማ ቤት ሄጄ አያለሁ፤ ሁለቱም ካልሆነ ሳላየው እቀራለሁ። ፊልም ሳያዩ መቅረት አይገድልም። የውጭውን ፊልም በተመለከተ ገና ንጹሕ አይደለሁም፤ በሱ ላይ አልመጻደቅም። ከቤቴ ልጀምር ብዬ ነው።

እሁድ ዕለት የእህቴን ልጅ ይዤ ሲኒማ ቤት ሄድን። ያንኑ ፊልም። ሁለት ትኬት ቆረጥኩ። «ጋሼ፣ አይተነው የለም እንዴ?» አለኝ።

«አይተነዋል፤ አልከፈልንም» አልኩት።

ዝም ብሎ ገባ። ገባው አልገባው አላውቅም። ስንወጣ ግን «ድምፁ እዚህ ይሻላል» አለኝ። ለዛሬ ይበቃኛል።

የምትቃወሙኝ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ በተለይ ባለቻናሎች። ከታች ጻፉ፣ አነባለሁ። ስድብ ካልሆነ እመልሳለሁ። ይህን ጽሑፍ ግን እንደልባችሁ ማስተላለፍ ትችላላችሁ፤ ባለቤቱ እኔ ነኝ፣ ፈቅጃለሁ።

መልካም ሰንበት።